የቴሌቪዥን ጨዋታ ሽልማትና ግብሩ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የቴሌቪዥን ጨዋታ ሽልማት ሲባል ዓይናችን ላይ የሚመጣው አሸናፊው ሲዘል፣ ቤተሰቡ ወደ መድረክ ሲሮጥ፣ አዲሱ መኪና ላይ መብራት ሲበራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አይቀርጸውም። ወራት ቆይቶ አንድ ፖስታ ይመጣል። ውስጡ "በዚህ ዓመት ይህን ያህል ገቢ አግኝተዋል" የሚል ወረቀት አለ፣ ግልባጩ ደግሞ ለመንግሥት ይሄዳል። ሲሳይ የመሰለው ነገር ዱብ ዕዳ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ከታች ያለው በአብዛኛው የአሜሪካን ሕግ የሚመለከት ነው። ጥያቄው የሚበዛውም፣ ሰው የሚደናገጠውም እዚያ ስለሆነ ነው። የሌሎች አገሮችን ነገር ወደ መጨረሻው አካባቢ ታገኛላችሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ሽልማት አይደል እንዴ? ግብር ደግሞ ምን አመጣው?

በአሜሪካ ሕግ ሽልማት ገቢ ነው፣ አለቀ። የገቢ ግብር ሕጉ 74ኛ ክፍል የተጻፈው ይህንኑ ለመናገር ነው። ጥያቄ መልሳችሁ አገኛችሁት፣ መንኮራኩር አሽከርክራችሁ አገኛችሁት፣ ወይም ወንበራችሁ ሥር ተለጥፎ የነበረ ቁጥር ወጣላችሁ፣ ለግብር መሥሪያ ቤቱ (አይአርኤስ ነው የሚባለው) ልዩነት የለውም።

"ስጦታ ነው" ብሎ መከራከርም አያዋጣም። በሕጉ ዓይን ስጦታ ማለት ሰው ምንም ሳይጠብቅ ከደግነት ተነሥቶ የሚሰጠው ነው። ቴሌቪዥኑ መኪናውን የሰጣችሁ ስለወደዳችሁ ሳይሆን ተመልካች እንዲያይለትና ማስታወቂያ እንዲሸጥለት ነው።

አንድ ትንሽ መጽናኛ ግን አለች። ሽልማቱ ደመወዝ ስላልሆነ፣ ውድድር መዞርን ሥራዬ ብላችሁ ካልያዛችሁት በስተቀር ከደመወዝ ላይ የሚቆረጠው የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ አይነካውም። የሚመለከተው የገቢ ግብሩ ብቻ ነው።

እሺ፣ ስንት በመቶ ነው?

ለሽልማት ተብሎ የተለየ መጣኔ የለም። ሽልማቱ በዓመቱ ውስጥ ካገኛችሁት ሌላ ገቢ ላይ ይደመርና ግብሩ በድምሩ ላይ ይሰላል። የፌዴራሉ መጣኔዎች 10፣ 12፣ 22፣ 24፣ 32፣ 35 እና 37 በመቶ ናቸው። ሽልማቱ በደመወዛችሁ ላይ ስለሚቆለል የሚያርፈው ከላይኞቹ ደረጃዎች ላይ ነው።

በቁጥር እንየው። ያላገባ ሰው በ2025 የ60,000 ዶላር ደመወዝ አለው እንበል። መደበኛው ተቀናሽ (ከገቢ ላይ ግብር ሳይከፈልበት የሚነሣው) 15,750 ዶላር ሲወጣ ግብር የሚሰላበት 44,250 ይቀራል። ይህ ሰው 30,000 ዶላር የሚያወጣ መኪና አሸነፈ። የ12 በመቶው ደረጃ እስከ 48,475 ድረስ ስለሚሄድ፣ ከመኪናው ዋጋ የመጀመሪያው 4,225 ዶላር 12 በመቶ ይከፈልበታል፣ የቀረው 25,775 ደግሞ 22 በመቶ። ሲደመር ወደ 6,178 ዶላር ይመጣል። በጥሬ ገንዘብ ማለት ነው። መኪናው ገንዘብ ይዞ አይመጣም።

ያው ሰው መኪና ሳይሆን 1 ሚሊዮን ዶላር ቢያሸንፍ ተጨማሪው የፌዴራል ግብር ወደ 338,000 ዶላር ይሆናል። ግዛቱ የሚወስደው ገና አልተቆጠረም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። "ሽልማቱ ከፍ ያለ ደረጃ ውስጥ ካስገባኝ ደመወዜም በሙሉ በዚያ ይሰላል" ብሎ የሚፈራ አለ። አይሰላም። ከፍ ያለው መጣኔ የሚነካው ከመስመሩ በላይ ያለውን ገንዘብ ብቻ ነው፣ የታችኛው እንደነበረ ይቆያል።

ያሸነፍኩት ገንዘብ ሳይሆን ዕቃ ከሆነስ? መኪና፣ ጉዞ፣ የቤት ዕቃ...

ራስ ምታቱ ያለው እዚህ ነው። በጥሬ ገንዘብ ያሸነፈ ሰው ከዚያው ላይ ቆንጥሮ ይከፍላል። በዕቃ ያሸነፈ ሰው ግን ግብሩን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

የታወቀው ምሳሌ የኦፕራ ዊንፍሬይ ነው። የእሷ ፕሮግራም ጌም ሾው (የቴሌቪዥን ጨዋታ) ባይሆንም ጉዳዩ አንድ ነው። በመስከረም ወር 2004 ስቱዲዮ ውስጥ የነበሩ 276 ሰዎች እያንዳንዳቸው አዲስ ፖንቲያክ ጂ6 መኪና ተሰጣቸው። የአንዱ ዋጋ 28,000 ዶላር ገደማ ነበር። የሽያጭ ታክሱንና የሰሌዳውን ወጪ የመኪናው ኩባንያ ሸፈነ። የገቢ ግብሩ ግን የተቀባዮቹ ነው፤ እንደየገቢያቸው እስከ 7,000 ዶላር ሊደርስ እንደሚችል በጊዜው ብዙ ተወራ። ምርጫቸው ሦስት ነበር፦ ከኪስ ከፍሎ መኪናውን መያዝ፣ ሸጦ ከዋጋው ላይ መክፈል፣ ወይም አለመቀበል።

ግብሩ የሚሰላው በዕቃው "ትክክለኛ የገበያ ዋጋ" ነው፤ ማለትም ፈቅዶ የሚሸጥና ፈቅዶ የሚገዛ፣ ሁለቱም ሳይገደዱ የሚስማሙበት ዋጋ። መድረክ ላይ አቅራቢው በደማቁ የሚያነበው ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካው የዋጋ ዝርዝር ነው፣ ማንም ሰው ያለ ክርክር የማይከፍለው ዓይነት። በኋላ በሚመጣው የገቢ ፎርም ላይም ያው ትልቁ ቁጥር ሊሰፍር ይችላል። በዚህ መከራከር ይቻላል፣ ተከራክረው የተረቱም የተሳካላቸውም አሉ።

ከድሮዎቹ አንዱ በ1954 የታየ ነው። አንድ ሰው በሬዲዮ ውድድር ለሁለት ሰው የሚሆን የአንደኛ ማዕረግ የመርከብ ጉዞ ያሸንፋል፣ እስከ ቦነስ አይረስ ድረስ። የቲኬቶቹ መሸጫ ዋጋ 2,220 ዶላር ነበር። እሱ ግን 520 ዶላር ብሎ አስመዘገበ፤ እኛ ደረጃችን እንዲህ ያለ ቅንጦት አይደለም፣ ቲኬቱም እንደ ገንዘብ የሚመነዘር አይደለም ነው ነገሩ። ፍርድ ቤቱ 1,400 ዶላር ብሎ ወሰነ። ቁጥሩ በምን ስሌት እንደመጣ ፍርዱን ብታነቡትም አይገባችሁም፣ መሐል ላይ የተገናኙ ነው የሚመስለው። ለማንኛውም ዋጋው የግድ ቲኬቱ ላይ የተጻፈው አለመሆኑ ታየ።

ሁለተኛው የ1962 ነው። አንድ ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ የሽያጭ ውድድር ሊንከን መኪና ይሸለማል። አሠሪው መኪናውን የገዛው ከ4,450 ዶላር በላይ ከፍሎ ነው። ሰውየው በአሥር ቀን ውስጥ 1,000 ዶላርና 2,600 ዶላር በሚያወጣ ሌላ መኪና ለወጠው። ፍርድ ቤቱ የሽልማቱ ዋጋ 3,900 ነው አለ። ለምን ቢባል፣ መኪና ከሻጩ ግቢ በወጣባት ደቂቃ ዋጋዋ ይወርዳል፣ ይህን ዳኛም ያውቀዋል።

ስለዚህ ዕቃ ካሸነፋችሁ በተረከባችሁበት ሰሞን ማስረጃ ሰብስቡ። ያው ሞዴል በሌሎች ሻጮች ስንት እንደሚሸጥ የሚያሳይ ማስታወቂያ ያዙ። ያው ሆቴልና ያው በረራ በዚያው ቀን ስንት እንደነበረ ስክሪንሹት አንሡ። ወዲያው ከሸጣችሁት የሽያጩ ደረሰኝ ትልቁ ምስክር ነው። ከዚያ ሽልማቱን የሰጠው ድርጅት ፎርሙን እንዲያስተካክል ጠይቁ። እምቢ ካለ ትክክል ነው የምትሉትን ዋጋ ከነማብራሪያውና ከነማስረጃው አቅርቡ። ዝም ብሎ ዝቅ ያለ ቁጥር ጽፎ ማለፍ ግን አይሠራም። የእነሱ ኮምፒዩተር ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይቶ ካልተገጣጠሙ ደብዳቤ ይልካል።

ሽልማቱን አልፈልግም ማለት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ሳትቀበሉት እምቢ ካላችሁ ዋጋው እንደ ገቢ አይቆጠርባችሁም፣ አይአርኤስም በራሱ መመሪያ ላይ ይህን ጽፎታል። ዋናው ነገር "ሳትቀበሉት" የምትለዋ ቃል ናት። መኪናውን ወስዳችሁ ሦስት ወር ከነዳችሁት በኋላ ግብሩ ሲከብዳችሁ መመለስ አይቆጠርም።

እኔ በግሌ ሰው ይህን ምርጫ አለመጠቀሙ ይገርመኛል። የማትፈልጉት ጀልባ፣ የማትሄዱበት የመርከብ ሽርሽር፣ ለቤታችሁ የማይሆን የሳሎን ዕቃ ግብር ከፍላችሁ መቀበል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እምቢ ማለት ነውር አይደለም፣ የደስታውን ጩኸት ቀድማችሁ ጮኻችኋል።

ከመካከሉ መርጦ መውሰድ ይቻላል ወይ የሚለው በውሉ ላይ የሚወሰን ነው። አንዳንዱ ውል ሁሉንም ወይም ምንም ይላል። በዕቃው ፈንታ ገንዘቡን ስጡኝ ማለት ደግሞ ውሉ ካልፈቀደ በቀር አይታሰብም። ዕቃው ከአምራቹ ለማስታወቂያ የመጣ ሊሆን ስለሚችል፣ ፕሮግራሙ ያን ያህል ገንዘብ ከካዝናው ላያወጣበት ይችላል።

ድርጅቱ ራሱ ግብሩን ቆርጦ አይሰጠኝም?

አብዛኛውን ጊዜ አይቆርጥም። ሰው ይህን ከሎተሪ ጋር ያምታታዋል። በአሜሪካ ከ5,000 ዶላር በላይ የሆነ የሎተሪ ሽልማት ላይ 24 በመቶ ቀድሞ ተቆርጦ ይያዛል። የቴሌቪዥን ተወዳዳሪ ግን የሚያስይዘው ገንዘብ የለም፣ ጨዋታው ቁማር አይደለም፣ ስለዚህ ያ ደንብ አይነካውም። አገር ውስጥ ነዋሪ ከሆናችሁ ገንዘቡ ሙሉውን ይመጣል። ሙሉውን መምጣቱ ነው ሰውን የሚያታልለው።

ከውድድሩ በፊት ወይም በኋላ ደብልዩ 9 የሚባል ፎርም ያስሞሏችኋል፣ የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥራችሁን የምትሰጡበት። አልሰጥም ካላችሁ 24 በመቶ ቆርጠው ለመንግሥት ሊልኩባችሁ ይችላሉ።

አንዳንዴ ድርጅቱ ደግ ሆኖ "ግብሩንም እኛ እንሸፍናለን" ይላል። ደስ ይላል፣ ግን የከፈሉላችሁ ግብርም ገቢ ነው። በገቢው ላይ ደግሞ ግብር አለ። በዚያ ግብር ላይም እንዲሁ። ይህን ሁሉ አስልተው እስከ መጨረሻው ካልሸፈኑ ትንሽ ነገር እናንተ ጋ ትቀራለች።

ቀረጻው በኅዳር ነበር፣ የተላለፈው በየካቲት፣ ገንዘቡ የመጣው በሰኔ። የየትኛው ዓመት ገቢ ነው?

ገንዘቡን ወይም ዕቃውን የተረከባችሁበት ዓመት ነው። የቀረጻው ቀን አይደለም። ብዙ ፕሮግራሞች ክፍያውን የሚልኩት ዝግጅቱ በቴሌቪዥን ከተላለፈ በኋላ ነው። ጄፐርዲ በሚባለው የጥያቄና መልስ ውድድር ለምሳሌ ከተላለፈ ወደ 120 ቀን ገደማ ይወስዳል።

እስከዚያ ድረስ ያለው ላም አለኝ በሰማይ ነው። ፕሮግራሙ ሳይተላለፍ የቀረ እንደሆነ ሽልማቱ አይሰጥም የሚሉ ውሎች አሉ፣ ውጤቱን አስቀድሞ ያወራ ሰውም ሊያጣው ይችላል። ሳይገባ ቃል አትግቡበት።

ምንም ፎርም አልመጣልኝም። ዝም ብል ማን ያውቃል?

ፎርሙ 1099 የሚባለው ነው። እስከ 2025 ድረስ ለተከፈሉ ሽልማቶች 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲሆን ድርጅቱ የመላክ ግዴታ ነበረበት። በ2025 በጸደቀው ሕግ መነሻው ከ2026 ክፍያ ጀምሮ ወደ 2,000 ዶላር ከፍ ብሏል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ "ከ2,000 በታች ግብር የለውም" ብሎ ተረድቶታል። ስህተት ነው። ከፍ ያለው የፎርም መላኪያው መነሻ እንጂ የግብሩ መነሻ አይደለም። 300 ዶላር የሚያወጣ የቡና ማፍያ ማሽንም ቢሆን ገቢ ነው። ፎርሙ በፖስታ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፣ አድራሻ ቀይራችሁ ሊሆን ይችላል፣ ያ ሰበብ አይሆንም።

"ማን ያውቃል" ለሚለው ደግሞ፣ ወዳጆቼ፣ ያሸነፋችሁት በቴሌቪዥን ነው እኮ! አገር እያየ።

ሪቻርድ ሃች ተወዳዳሪዎች ደሴት ላይ የሚከርሙበት የሰርቫይቨር ውድድር የመጀመሪያው አሸናፊ ነው። በ2000 በሚሊዮኖች ፊት 1 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ገቢውን ለመንግሥት በሚያሳውቅበት የግብር ማስታወቂያ ላይ ግን አላካተተውም። በጥር 2006 ጥፋተኛ ተባለ፣ በግንቦት 51 ወር እስራት ተፈረደበት። ከዚያም ወጥቶ የድሮውን የግብር ማስታወቂያ አስተካክሎ አላቀረበም ተብሎ በ2011 እንደገና ለዘጠኝ ወር ገባ። በደሴቲቱ ላይ የቆየው 39 ቀን ነበር።

የምኖርበት ግዛትስ ይጠይቀኛል?

ሁለት ግዛቶች ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ የምትኖሩበትና ውድድሩ የተካሄደበት። ብዙዎቹ ትልልቅ ፕሮግራሞች የሚቀረጹት ካሊፎርኒያ ስለሆነ የካሊፎርኒያ ግብር ሰብሳቢ "ገቢው የተገኘው እዚህ ነው" ይላል። ነዋሪ ላልሆነ ሰው ክፍያው በዓመት ከ1,500 ዶላር ካለፈ 7 በመቶ ቀድሞ ይያዛል። ገንዘቡ ሙሉውን ይመጣል ያልኩት ይህ ሲቀር ነው። ይህ ቅድሚያ ክፍያ ስለሆነ በዓመቱ መጨረሻ የካሊፎርኒያ የግብር ማስታወቂያ ሞልታችሁ ትርፍ ካለ ይመለስላችኋል፣ ከጎደለ ትጨምራላችሁ።

የምትኖሩበት ግዛት የገቢ ግብር ካለው እዚያም ታስመዘግባላችሁ፣ ግን ለካሊፎርኒያ የከፈላችሁትን ብዙውን ጊዜ ያቻችልላችኋል። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳ፣ ቴነሲ፣ ዋዮሚንግ ወይም ሳውዝ ዳኮታ ከሆናችሁ የግዛቱ የገቢ ግብር ከነጭራሹ የለም። የካሊፎርኒያው ግን ይቀራል ብላችሁ አታስቡ።

ግብሩን እስከ ሚያዝያ መጠበቅ እችላለሁ ወይስ ቶሎ ልክፈል?

ትልቅ ሽልማት ከሆነ አትጠብቁ። ስላልተቆረጠበት፣ በየሩብ ዓመቱ የሚከፈለው ግምታዊ ክፍያ ይመለከታችኋል። ቀኖቹ ሚያዝያ 15፣ ሰኔ 15፣ መስከረም 15 እና የሚቀጥለው ዓመት ጥር 15 ናቸው (አሁንም በፈረንጅ ወር)። ቅጣቱ እንዳይመጣ የዘንድሮውን ግብር 90 በመቶ፣ ወይም ያምናውን ግብር ሙሉውን በዓመቱ ውስጥ ከከፈላችሁ ይበቃል። የአምናው ገቢያችሁ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 100 ሳይሆን 110 በመቶ ነው። ሌላው መንገድ አሠሪያችሁ ከደመወዛችሁ ላይ የሚቆርጠውን ከፍ እንዲያደርግ መጠየቅ ነው፣ ለአነስተኛ ሽልማት ይህ ይቀላል።

ገንዘቡን በተመለከተ አንድ ነገር ልምከር። ቼኩ በገባ ቀን ከሲሶ እስከ 40 በመቶ የሚሆነውን ወደማትነኩት ሌላ ሒሳብ አዛውሩ። የምትነኩት ሒሳብ ውስጥ ከቆየ ትነኩታላችሁ።

አጥፍቼዋለሁ። አሁን መክፈያ የለኝም።

ቢያንስ የግብር ማስታወቂያውን በጊዜው አስገቡ። በጊዜው አለማስገባት በየወሩ ካልተከፈለው ግብር 5 በመቶ ያስቀጣል፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ። አስገብቶ አለመክፈል ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። አሥር እጥፍ ልዩነት አለው፣ ሆኖም ሰው መክፈያ ሲያጣ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፣ ተደብቆ ይቀመጣል። ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ዕዳ ካለባችሁ በኢንተርኔት አመልክታችሁ በየወሩ እየቆራረጣችሁ መክፈል ትችላላችሁ። ወለዱ ግን ይቀጥላል።

ለውድድሩ የከፈልኩትን የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ መቀነስ እችላለሁ?

ለተራ ተወዳዳሪ አይቻልም። እንዲህ ያለውን ወጪ ለመቀነስ ያስችል የነበረው በር ከ2018 ጀምሮ ተዘግቷል። በቁማር የጠፋ ገንዘብም ከዚህ አይቀነስም፣ ቀደም ብለን እንዳልነው ይህ ቁማር አይደለም። ያማል፣ በተለይ ለሦስተኛ ደረጃ የምትሰጠውን ትንሽ ገንዘብ ይዞ ለተመለሰ ሰው። ቲኬቱንና ሆቴሉን ከኪሱ ከፍሎ፣ ባገኛትም ላይ ግብር ከፍሎ፣ ትርፉ ፎቶ ነው።

ለእናቴ ወይም ለቤተ ክርስቲያን ብሰጠውስ?

መጀመሪያ የእናንተ ገቢ ይሆናል፣ ከዚያ ትሰጣላችሁ። ለእናታችሁ ስትሰጡ ግብሩ ከእናንተ አይወርድም። እሷ ስጦታ ስለተቀበለች የገቢ ግብር የለባትም፣ እናንተም ለአንድ ሰው በዓመት ከ19,000 ዶላር በላይ (የ2025 መጠን ነው) ካልሰጣችሁ የስጦታ ግብር ማስታወቂያ መሙላት አይጠበቅባችሁም።

ለበጎ አድራጎት ድርጅት ወይም ለቤተ እምነት የሰጣችሁት ሊቀነስ ይችላል፣ ነገር ግን በሕጉ ጣሪያ ውስጥ ከሆነ ነው፤ በ2025 ተቀናሾቹን በዝርዝር ለማያቀርብ ሰው ጭራሽ አይፈቀድም ነበር፣ ከ2026 ጀምሮ ግን ለእሱም ትንሽ መጠን ተፈቅዷል። "ታዋቂ ሰዎች እኮ ለበጎ አድራጎት ይጫወታሉ፣ እነሱ አይከፍሉም" ትሉኝ ይሆናል። ልዩነቱ እዚያ ገንዘቡ ከመጀመሪያው በውል ወደ ድርጅቱ የሚሄድ መሆኑ ነው፣ በተጫዋቹ እጅ አያልፍም።

ከውጭ አገር መጥቼ ብወዳደርስ?

ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ ነው፣ ከላይ ያለው ሁሉ ይመለከተዋል። ለግብር ነዋሪ ያልተባለ የውጭ ሰው ግን በአጠቃላይ 30 በመቶ ቀድሞ ይቆረጥበታል፣ ወረቀቱም 1099 ሳይሆን 1042 ኤስ የሚባለው ነው። አገሩ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ካለው ሊቀንስለት የሚችልበት ሁኔታ አለ፣ በየስምምነቱ ይለያያል። አገሩ ሲመለስ ደግሞ የዚያን አገር ሕግ ማየት አለበት።

የመንግሥት ድጋፍ እቀበላለሁ። ሽልማቱ ይነካብኛል?

ሊነካ ይችላል፣ ከግብሩም ይልቅ የሚጎዳው ይህ ሊሆን ይችላል። በዓመቱ ገቢያችሁ ስለሚያድግ የጤና መድኅን ድጎማ ሊቀንስ፣ ወይም የወሰዳችሁትን እንድትመልሱ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠው የጤና ሽፋን) እና የምግብ ድጋፍ ሊቋረጡ ይችላሉ። ጡረታ ለሚወስድ ሰው ከጡረታው እስከ 85 በመቶ የሚደርሰው ግብር የሚሰላበት ሊሆን ይችላል። ኮሌጅ የሚገባ ልጅ ካለ የትምህርት ዕርዳታው የሚሰላው ከሁለት ዓመት በፊት በነበረ ገቢ ስለሆነ፣ ሽልማቱ ተረስቶ ከቆየ በኋላ ብቅ ይላል። በዚህ ጊዜ ለኮሌጁ ገቢው የአንድ ጊዜ እንደነበረ አስረድታችሁ እንደገና እንዲያዩላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ፣ የማየት ሥልጣን አላቸው።

ልጄ ቢያሸንፍስ?

ገቢው የልጁ ነው፣ በልጁ ስም ይሞላል። ለ2025 ያለ ሥራ የተገኘ ገቢው ከ2,700 ዶላር ካለፈ ትርፉ በወላጅ መጣኔ ሊሰላ ይችላል።

በሌሎች አገሮች እንዴት ነው?

በጣም ይለያያል፣ ደስ የሚለኝም ክፍል ይህ ነው፣ ሕጉ ስለ ዕድልና ስለ ሥራ ምን እንደሚያስብ ይታይበታል።

በብሪታንያ የጌም ሾው ሽልማት የገቢ ግብር የለበትም። ጁዲት ኬፐል በኅዳር 2000 "ሁ ዋንትስ ቱ ቢ ኤ ሚሊየነር" በሚባለው የጥያቄና መልስ ውድድር የመጀመሪያዋ የ1 ሚሊዮን ፓውንድ አሸናፊ ስትሆን ሚሊዮኑን ሙሉውን ነው የወሰደችው። ባንክ ተቀምጦ የሚወልደው ወለድ ግን ግብር አለው። ካናዳም እንዲሁ እንደ ዱብ ሲሳይ ያየዋል፣ በአጠቃላይ አይነካውም። አውስትራሊያ አንድ ጊዜ ያሸነፈውን ትተወዋለች፣ ከውድድር ወደ ውድድር እየዞረ በቋሚነት የሚያገኝበትን ግን ታስከፍላለች።

ጀርመን ነገሩን የበለጠ አጥብቃ ትመረምረዋለች። ፍርድ ቤቶቿ የሚጠይቁት "አሸናፊው ለገንዘቡ ሲል አንድ ሥራ ሠርቷል ወይ?" የሚል ነው። ተራ የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ቀርቦ ለመለሰ ሰው ብዙውን ጊዜ ግብር የለም። ቢግ ብራዘር ቤት ውስጥ ገብቶ ለወራት በካሜራ እየታየ የኖረው አሸናፊ ግን በ2012 ትልቁ የግብር ፍርድ ቤት ዘንድ ተረታ። ቤቱ ውስጥ መቀመጥህ ራሱ አገልግሎት ነው፣ ሽልማቱም ክፍያው ነው ተባለ።

ህንድ ደግሞ አጭርና ግልጽ ናት። መጣኔው ድፍን 30 በመቶ ነው፣ ከተጨማሪዎቹ ጋር ከፍ ይላል፣ ከፋዩም ቀድሞ ይቆርጣል። ሽልማቱ ዕቃ ከሆነ ግብሩ መከፈሉ ሳይረጋገጥ አይለቀቅም። በ2011 ሱሺል ኩማር ካውን ባኔጋ ክሮርፓቲ በሚባለው የህንድ የጥያቄና መልስ ውድድር 5 ክሮር ሩፒ (አንድ ክሮር 10 ሚሊዮን ነው) ሲያሸንፍ እጁ የገባው 3.5 ክሮር ገደማ ነበር። ያሳዝናል፣ ግን ቢያንስ እጁ የገባው የእሱ ነው፣ በዓመቱ የሚመጣ ፖስታ አይጠብቅም። ሁለቱን አሠራሮች ምረጥ ብትሉኝ የህንዱን እመርጣለሁ።

መኪናውን ከዓመት በኋላ ብሸጠው እንደገና ግብር አለው?

ግብር የከፈላችሁበት ዋጋ እንደ መግዣ ዋጋችሁ ይቆጠራል። 30,000 ተብሎ ግብር ከከፈላችሁና በ24,000 ከሸጣችሁት ትርፍ የለም፣ ግብርም የለም። ኪሳራውን ግን ለራሳችሁ ስትነዱት በነበረ መኪና ላይ መቀነስ አይቻልም። እንደ ሥዕል ያለ ዋጋው የሚጨምር ነገር ከሆነና ከፍ አድርጋችሁ ከሸጣችሁት በጭማሪው ላይ ትከፍላላችሁ።

አንድ ሰው ደውሎ "በቴሌቪዥን ዕጣ አሸንፈሃል፣ መጀመሪያ ግብሩን በስጦታ ካርድ ላክ" አለኝ።

የተወዳደራችሁበት ፕሮግራም አለ? ከሌለ ያሸነፋችሁት ነገር የለም። ቢኖርም እንኳ የፌዴራል የገቢ ግብር የሚከፈለው ለአይአርኤስ ነው፣ ለደዋይ አይደለም፣ በስጦታ ካርድ ግብር የሚቀበል መንግሥትም የለም። የማኅበራዊ ዋስትና ቁጥራችሁን አትስጡ። ስልኩን ዝጉት።